ኦቦ ደቻሳ ፕላዝማዬ ላይ ቀሩ

ወገን፣ ዛሬ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሪሞት ይዤ እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ!

አዎ። ለቅሶ ቤት። ሪሞት። ፍርዱን ለመጨረሻ አቆዩትና መጀመሪያ ስሙኝ።

ለአዲስ ፎሎወሮች፦ የምኖረው ሰበታ ነው፣ ዲሽ እሰቅላለሁ፣ ትውልዴ ሆሳዕና ነው። እና ፕላዝማ አለኝ። ዛሬ ሁሉም ሰው ፕላዝማ እያለ የሚጠራውን ቀጭን ፍላት ማለቴ አይደለም። እውነተኛውን! ሃይስኩል በፕላዝማ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያ የሚግለው፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው። ሃምሳ ኢንች ነው።

አንድ ክፉ ጸባይ ብቻ አለው። የቆመ ምስል ብዙ ሰዓት ካሳያችሁት ይይዘዋል። ቻናል ብትቀይሩም ያ ምስል ከኋላ ጥላ ሆኖ ይታያል። ቶሎ ከደረሳችሁለት ነጭ ስክሪን ስታበሩበት ይለቃል፤ ካልደረሳችሁለት እስከ ወዲያኛው እዚያው ነው።

ስለዚህ እኔ ቤት ፓውዝ ክልክል ነው። ሽንት ቤት የሄደ እንግዳ ፊልሙ ያልፈዋል እንጂ አይቆምለትም። የዜና ቻናል ሎጎ ጥግ ላይ ስለሚገተር ዜና እንኳን ቆራርጬ ነው የማየው። የአገር ጉዳይ ግማሹ ያመለጠኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ሳቁ፣ ችግር የለም።

እሁድ ጠዋት አከራዬ ኦቦ ደቻሳ አረፉ።

ሰባት ዓመት ጊቢያቸው ውስጥ ኖሬያለሁ። ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር። ኦሮምኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ያውም በሬ እየነዱ! መጀመሪያ የለመድኩት ለበሬ የሚባለውን ስለነበር ገበያ ውስጥ ሰው ስንት ቀን ስቆብኛል። እሳቸውም ከሁሉ በላይ ይስቁ ነበር።

ፎቶ ግን አልነበራቸውም። ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዲት ብቻ እኔ ስልክ ላይ ተገኘች፦ ጤፍ ክምር ስር ቆመው ሲስቁ ሳላስፈቅድ ያነሳኋት። ባለቤታቸው አዴ ወርቄ ስልኬን አስጠግተው አርቀው አዩና «ትንሽ ነች ልጄ፣ አይኔ አይዛትም» አሉ። ፎቶ ቤት ደግሞ እሁድ ዝግ ነው።

አፌ ቀደመኝ። ፕላዝማዬን ላምጣ አልኩ።

ማንም አልጠየቀኝም እኮ! ራሴ ነኝ!

ፕላዝማውን እነሱ ሳሎን ቡፌው ላይ አቁሜ፣ ፎቶዋን በፍላሽ ሰካሁበት። ኦቦ ደቻሳ ሃምሳ ኢንች ሆነው ሳቁ። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። እኔም አለቀስኩ፣ ከልቤ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው የገባኝ። ፎቶዋ አትንቀሳቀስም።

ለእድሩ ሊቀመንበር በጆሯቸው፣ ማሽኑ ስለሚግል ትንሽ ብናጠፋውስ ብዬ ሹክ አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አፈሩ ሳይደርቅ?» አሉኝ። በዚህ ተዘጋ።

ሰኞ መብራት ጠፋ። ሰበታ ከመጣሁ ጀምሮ መብራት ሲጠፋ ጌታን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ደስታዬ ግን ሩብ ሰዓት አልሞላም። ለኦቦ ደቻሳ ሲባል ፉሪ ድረስ ሄደው ጄኔሬተር ተዋሱ። እኔ ላይ ሲሆን እኮ እንዲህ ነው!

ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ፊት ለፊት ተቀምጬ አይኔን ሳልነቅል ዋልኩ። የኮፍያቸው ጠርዝ ይዟል አልያዘም? ጥርሳቸውስ? ነጭ ነገር ደግሞ ቶሎ ነው የሚይዘው! ላቤን ስጠርግ እንባ መሰላቸው። አንድ ሽማግሌ ለመጣው ሰው ሁሉ እኔን እያሳዩ፣ ያልወለዱት ልጃቸው ነው፣ እህል እንኳ አልቀመሰም ይላሉ። መጨረሻ ላይ አንጀታቸውን ብበላው ንፍሮ በእጄ አስያዙኝ።

በላሁት። ምን ላድርግ?

ዛሬ ሰልስት ነው። ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ጸሎት ሲጀመር ሰው ሁሉ ወጣ። ሳሎን የቀረነው አዴ ወርቄና እኔ ብቻ ነን፤ እሳቸውን ደግሞ ፍራሻቸው ላይ ሸለብ አድርጓቸዋል። ከእሁድ ጀምሮ አይናቸውን አልከደኑም ነበር።

አስር ደቂቃ ብቻ! ነጭ ስክሪን አስር ደቂቃ ባበራበት ፕላዝማዬ ይተርፋል። ማን ያየኛል?

ሪሞቱን ከኪሴ አወጣሁ። (ከእሁድ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ምን ልዋሽ።) ፎቶዋን አጠፋሁ። ነጩን አበራሁ።

ውጭ ጩኸት ቀለጠ።

ሌንሴ መጣች! የኦቦ ደቻሳ አንድ ልጅ ናት፣ ጅጅጋ ነርስ ሆና ነው የምትሰራው። ሁለት ቀን በመኪና ተንገላታ ቀብሩ ያመለጣት ልጅ። መንገድ ላይ ሆና እየደወለች «ፊቱን እንኳ ሳላይ» እያለች ስታለቅስ፣ አይዞሽ፣ ፎቶው ሳሎን ውስጥ ትልቅ ሆኖ ይጠብቅሻል እያለ ያጽናናት ማን መሰላችሁ?

እኔው!

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ድንኳኑ በሙሉ ከኋላዋ። ቡፌው ላይ ባዶ ነጭ ነገር። ከስሩ እኔ፣ ሪሞት በእጄ።

«አባኮ የት አለ? አባቴስ?» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ወደ እግሬ አየሁ። አልተከፈተችም።

ከኋላ አንዲት ሴትዮ አማተቡ። «በስመአብ! እሳቸው ናቸው!»

ቀና አልኩ። ነጩ ላይ፣ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ልብስ ቀለም ስስ ብለው፣ ኮፍያቸው፣ ጉንጫቸው፣ ሳቃቸው አለ። ይዟል!

ቤቱ ተተራመሰ። ተአምር ነው የሚል አለ፣ ቄሱን ሊጠራ የሮጠ አለ። ሌንሴ ስክሪኑን በመዳፏ እየዳበሰች ተንሰቀሰቀች። አዴ ወርቄ ከእንቅልፋቸው ባነው «ማል ታኤ? ምን ሆነ?» ይላሉ። ደግፈው አመጧቸው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ዝም ብል ተርፌያለሁ እኮ! ሪሞቱን የጠየቀ የለም። እኔ ጴንጤው ተከራይ፣ ኦርቶዶክስ ቤት ተአምር ሰርቼ በክብር ልወጣ ነው።

አዴ ወርቄ ግን እጄን ያዙኝ። «አንተ ታውቀዋለህ። ምንድነው እሱ?» አሉኝ።

የሰባት ዓመት እናቴ ናቸው። መዋሸት አቃተኝ።

ሁሉንም ዘረገፍኩት። ፕላዝማ የቆመ ምስል እንደሚይዝ፣ ሰኞ ቀኑን ሙሉ ያፈጠጥኩት በሐዘን ብቻ እንዳልሆነ፣ አሁንም እሳቸው እስኪተኙ ጠብቄ የኦቦ ደቻሳን ፊት ላጠፋ እንደነበር። ቴሌቪዥኔ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው አልኩ። ንፍሮ ያስያዙኝ ሽማግሌ ፊታቸውን አዞሩ።

የተቆጣኝ ሰው የለም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር! በሐፍረት ተቃጠልኩ።

አዴ ወርቄ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው፣

«ስንት ሰዓት ይቆያል?» አሉ።

እስከ ማታ ይጠፋል አልኳቸው። ግን አይዞዎት፣ ዛሬውኑ ፎቶ ቤት ሄጄ በትልቁ አሳጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ አመጣለሁ ብዬ ቀባጠርኩ።

«ፎቶማ እናንተ የምትሰቅሉት ነው» አሉኝ። «ይሄ ግን እሱ ራሱ ነው የቀረው።»

ሌንሴ ወደ እኔ ዞረች። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን በጣም በቀስታ «እንዳይጠፋ ምን ይደረጋል?» አለችኝ።

ወገን! ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እንዴት እንደሚጠፋ ነው። እንዴት እንደሚቀር የጠየቀኝ ሰው በሕይወቴ የለም። መልሱን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰበታ ውስጥ የለም።

ፎቶዋን መለስኳት። ሜኑ ገባሁ። ብራይትነስ፣ እስከ መጨረሻ። ኮንትራስት፣ እስከ መጨረሻ። ስክሪን ሴቨር፣ ኦፍ! ፕላዝማዬን ይሁን ኦቦ ደቻሳን የተሰናበትኩት እንጃ። ሪሞቱን ለአዴ ወርቄ ሰጠኋቸው። ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

ይሄን የምጽፍላችሁ ፕላዝማው የነበረበት ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ ነው። አዴ ወርቄ ከግድግዳው ወዲያ ኦቦ ደቻሳን ሲያወሯቸው ይሰማኛል። ስለ ጥጃዋ እየነገሯቸው ነው።

እና እናንተ ነገ ጠዋት «ፕላዝማዬ ሎጎ ያዘብኝ፣ ምን ላድርግ?» ብላችሁ ኢንቦክስ የምትመጡት፣ እስቲ በምን አፌ ነው የምመልስላችሁ?