እትዬ አለንላችሁ እና የእሾሁ ከሰል

በሰው ስም እጇን የምታወጣ ሴት የሌለችበት ሰፈር የለም። ስብሰባ ላይ እጅ የምታወጣው እሷ ናት፤ ወገቡ የሚጎብጠው ግን በዚያ ሰዓት ቤቱ ጋደም ብሎ የነበረው ምስኪን ነው። ዘመን ቢለዋወጥ፣ ወንዝ ቢደርቅ፣ እሷ ንቅንቅ አትልም።

በዚህኛው ሰፈር ይህንን ከባድ ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ አለንላችሁ ነበሩ፤ የሰው ጉልበት ባለአደራ፣ የተውሶ አካፋዎች የበላይ ጠባቂ። ስሙ የወጣላቸው ከአፋቸው ከማይጠፋው ቃል ነው። ችግር በተነሳ ቁጥር ብድግ ብለው "አለንላችሁ!" ይላሉ። አለን የተባሉት ሰዎች መኖራቸውን ያውቁ እንደሆነ ግን ተጠይቆ አያውቅም።

የዚህ ቃል ዋና ተጎጂ ፀጉር አስተካካዩ ነበር። የእትዬን ታናሽ እህት ሲያገባ ሚስት ብቻ ያገኘ መስሎት ነበር፤ ለካ ቋሚ የሥራ ምደባም አግኝቷል። አንድ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች ተሰልፈው ቆመው ነበር፤ "በነጻ ትቆርጣለህ ተብለናል" አሉት። ሌላ ቀን አራት ሰዎች መጥተው አልጋውን ይዘው ወጡ፤ ለካ ጤና ጣቢያው አልጋ አንሶታል።

"እትዬ፣ እኔ የት ልተኛ?"

"አንተማ ጤነኛ ነህ፣ የትም ትተኛለህ።"

ከደም ለጋሾች ዝርዝር ላይ ስሙን ሁለት ቦታ አግኝቶት ቢጠይቃቸው፣ "ክንድህ ሁለት አይደል እንዴ?" ብለው መልሰው ጠየቁት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባላል፤ እሳቸው ዘንድ ያ አንድ ሰው ሁልጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ነበር።

ከሰፈሩ ታች፣ ወንዙ ዳር፣ ሰፊ የግጦሽ መስክ ነበረ። ከዓመታት በፊት ማንም ያልጠራው እሾሃም ቁጥቋጦ እዚያ በቀለ። ሰዉ "እንግዳው" አለው። እንግዳው መጀመሪያ ጥግ ያዘ፣ ቀጥሎ መሃል ገባ፣ በመጨረሻ ባለቤቶቹን አስወጣ። ሥሩ ውሃውን ይመጠዋል፤ ጥላው ሥር ሣር አይበቅልም፤ ከላይ ቢቆርጡት በእልህ ሦስት እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ላሞች አፋቸው እየደማ መመለስ ጀመሩ፤ ወተት ከሚሸጡት ሴቶች ግማሾቹ ላማቸውን ሸጠው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ይባስ ብሎ ማዘጋጃ ቤቱ፣ እስከ ክረምቱ መጨረሻ የሚያለማው ካልተገኘ መስኩ ለጡብ ፋብሪካ ይሰጣል የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ።

ስብሰባ ተጠራ። አንዲት የግብርና ባለሙያ መጥታ ነገሩን አስረዳች። ቁጥቋጦው ከነሥሩ ይነቀላል፣ ይደርቃል፣ ሾጣጣ ሆኖ ወደታች እየጠበበ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አመድ ሳይሆን ከሰል እስኪሆን ብቻ ይነዳል። ከሰሉ ተፈጭቶ፣ ከእበት ጋር ተቀላቅሎ ከከረመ በኋላ አፈር ውስጥ ይገባል፤ እዚያም እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል።

"ስሙ ባዮቻር ነው" አለች።

"የማን ልጅ ነው?" አሉ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ።

"ሥራው ግን ሰው ይፈልጋል፤ ቢያንስ አርባ" አለች ባለሙያዋ።

ሁሉም ጫማውን አዲስ የተገዛ ይመስል ይመረምር ጀመር። እትዬ ብድግ አሉ።

"አለንላችሁ!"

"ስንት ናችሁ?"

"አርባ ሁለት።"

ባለሙያዋ ጻፈች። አጠገባቸው የነበረውን ፀጉር አስተካካይ ላብ አጠመቀው። "እትዬ፣ አርባ ሁለት ሰው ከየት ሊመጣ ነው?" ሲል አንሾካሾከ።

"አንዱ አንተ ነህ። አርባ አንዱ ቀላል ነው።"

በዚህ ጊዜ እንኳ እንደማይሸነፍ ለራሱ ማለ፤ ሊያነክስ አስቦ የትኛውን እግር እንደሚመርጥ ሁሉ ወስኖ ነበር። በማግስቱ እትዬ ሱቁ መጥተው ወንበሩ ላይ ተደላደሉ።

"ልብስ ሰፊው ስላንተ ምን እንዳለ ሰምተሃል?"

ፀጉር አስተካካዩ ጆሮው ቆመ። ልብስ ሰፊው የግድግዳ ጎረቤቱ ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት የፀጉር ማጠቢያው ውሃ ቦዩን ሞልቶ የሰውየውን ጨርቅ ካበላሸበት ወዲህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

"ምን አለ ደግሞ?"

"'በዚህ ሰፈር የረጋ እጅ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ካልገባበት እኔም አልገባም' አለ። ቃል በቃል!"

ፀጉር አስተካካዩ እጁን አገላብጦ አየው። ልቡ ቅቤ ጠጣ፤ ማነከሱንም ረሳው።

በቀጠሮው ቀን ሠላሳ ዘጠኝ ሰው መጣ። "ሦስቱ መንገድ ላይ ናቸው" አሉ እትዬ፤ እስከ ዛሬም መንገድ ላይ ናቸው።

አንድ ሳምንት ሙሉ በዶማ ሥር ሲያሳድዱ ሰነበቱ። እሾሁ የጫማ ሶል እየበሳ ይገባ ስለነበር ልብስ ሰፊው መርፌውን ይዞ የሠላሳ ዘጠኝ ሰው እግር ሐኪም ሆነ። የተነቀለው ሦስት ሳምንት ደረቀ። ከዚያ ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ እሳቱም ከላይ ተለኮሰ፤ ነበልባሉ ጭሱን ስለሚበላው ሰዉ እንደፈራው አልታፈነም። እሳቱን የመጠበቁ ሥራ ለፀጉር አስተካካዩ ተሰጠ። ፍሙ ነጭ አመድ መልበስ ሲጀምር ሌላ ረድፍ እንጨት ማስጨመር ነው ሥራው። ጢም እንደመላጨት ቀላል ግን የማያዘናጋ ነገር ሆነለት፤ ዓይኑን ከፍሙ ሳይነቅል፣ "ጨምሩ! ቆይ! አሁን ጨምሩ!" እያለ እንደ ጄኔራል ያዝ ጀመር።

እኩለ ቀን ላይ ጉድጓዱ በፍም ጢም አለ። አሁን ቶሎ ካልጠፋ የአንድ ወር ድካም አመድ ሆኖ ይቀራል። ለውሃው እትዬ፣ "ቦቴ መኪና አለን" ብለው ነበር።

"እትዬ፣ ቦቴው የታለ?"

"ይመጣል።"

"ለሹፌሩ ነግረውታል?"

"ልነግረው እያሰብኩ ነው።"

ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ያዘ። ፍሙ ነጭ እየለበሰ ነው። ይሄኔ ልብስ ሰፊው "ሰልፍ! እስከ ወንዙ ድረስ ሰልፍ!" ብሎ ጮኸ። ጀሪካን ተገኘ፣ የልብስ ሳፋ ተገኘ፣ ሴቶቹ የወተት ማሰሮአቸውን ይዘው ሮጡ፣ ጆሯቸው የደከመው ሽማግሌ ለምን እንደሚሮጥ ሳይገባቸው ባርኔጣቸውን ሞልተው መጡ። ውሃው ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። እንፋሎቱ ጢስስስ ብሎ ሰማይ ሲነካ መስኩ በእልልታና በሳቅ ተናጋ፤ ማን ማን እንደሆነ እስከማይለይ ድረስ የሁሉም ፊት ጠቁሮ ነበር። ከጉድጓዱ የወጣው ከሰል እርስ በርሱ ሲነካካ እንደ ብርጭቆ ያቃጭላል።

ፀጉር አስተካካዩ አንድ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። ልብስ ሰፊው መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

"ያልከውን ሰምቻለሁ" አለ።

"ምን አልኩ?"

"'እሱ የሰፋው ሱሪ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፤ ከእሱ ጎን ካልሆነ አልሠራም' ያልከውን ነዋ። ስድስት ዓመት ተኮራርፈን እንዲህ ማለትህ... እንቅልፍ ነስቶኛል፣ እውነቴን ነው።"

ፀጉር አስተካካዩ ስለዚህ ሰውዬ ሱሪ የተናገረው ነገር ከዚህ ቀደም ብዙ ነው፤ አንዱም ግን በጽሑፍ የሚሰፍር አይደለም። ዘወር ብሎ መስኩን አየ። ዓይንሽን አልይ የተባባሉ ሁለት ወተት ሻጮች አንድ ማሰሮ በጋራ ያጥባሉ። አንድ አማት ከምራታቸው ራስ ላይ ከሰል ያራግፋሉ። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው፣ እትዬ በፈጠሩት፣ ማንም ባልተናገረው ቃል ተሰብስቧል! ወዲያ ማዶ እትዬ የባለሙያዋን ክንድ ይዘው፣ "ለሚቀጥለው ጉድጓድም አለንላችሁ" እያሉ ነው።

አንድ ቃል ቢናገር ሁሉ ነገር ይፈርሳል።

"አዎ፣ ብያለሁ" አለ። "አንተስ ስለ እጄ ያልከው?"

የልብስ ሰፊው ዓይን ቀስ ብሎ ወደ እትዬ ሄደ፤ ከዚያ ተመለሰ።

"ብያለሁ እንጂ!"

ተያዩ። መጀመሪያ አንዱ ፈነዳ፣ ከዚያ ሌላው፤ ከድንጋዩ ላይ ተንከባለው እስኪወድቁ፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከሰሉ እበቱን ጠጥቶ አፈር ገባ፣ ዝናቡ ጣለ፣ መስኩም የላም ጉልበት የሚደርስ ሣር አበቀለ። ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያውን አነሳ። አንድ ሁለት እያሉ ላሞቹ ተመለሱ። ሁለቱ ጎረቤቶችም ቦዩን አብረው አስፍተው ቆፈሩት።

አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ እትዬን በር ላይ ጠብቆ ያዛቸው።

"እትዬ፣ ሲዋሹን ነበር።"

"የቱን ነው የዋሸሁት?"

"ሁሉንም!"

"አሁንስ ስለ እሱ ምን ትላለህ?"

"አሁንማ... ጥሩ ሰው ነው። ሱሪውም መጥፎ አይደለም።"

"እና ውሸቱ የታለ?"

ፀጉር አስተካካዩ ሊሄድ ሲል ከስንት ዘመን ጀምሮ ሆዱን ሲበላው የነበረውን ጠየቀ። "ለምንድነው ሁልጊዜ መጀመሪያ የኔን ስም የሚጠሩት?"

"ከሌላው ጋር ስነጋገር ቃል መፍጠር አለብኝ፤ አንተ ግን ምንም ሳልልህም ትመጣ ነበር" አሉት።

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑ ውስጥ አንዳች ነገር የገባበት ይመስል ፊቱን አዞረ። እውነታቸውን ይሁን ውሸታቸውን እስከ ዛሬ አልጠየቃቸውም።