የጋሽ ነስሩ የማንቆርቆሪያ አጥር

የዓለምን ጉድ በስልኬ ማየት ልማዴ ነው። ጣሪያው ከታች፣ ወለሉ ከላይ ሆኖ የተሠራ ቤት፣ ውሃው ጽጌረዳ የመሰለ ሐይቅ፣ ድንጋይ በራሱ ጊዜ የሚሄድበት በረሃ! እናንተ «አቤት የፈጣሪ ሥራ» ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ፈሪ ነኝና መጀመሪያ የሚመጣብኝ «እዚያ ሰፈር ያሉት ሰዎች እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?» የሚል ጥያቄ ነው። ጉድ ያለበት ቦታ ተመልካች ይበዛል፤ ተመልካች የበዛበት ቦታ ደግሞ ለነዋሪው አይበጅም ባይ ነኝ።

እኛም ኮልፌ የራሳችን ጉድ ነበረን። ጎረቤቴ ጋሽ ነስሩ፣ ዕድሜያቸውን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው፣ የቆርቆሮ አጥራቸውን ከላይ እስከ ታች ባረጀ ማንቆርቆሪያ ሸፍነውታል። ቂጣቸው የተበሳ፣ እጀታቸው የወለቀ፣ ሁሉም አፋቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በሽቦ ታስረዋል። ነፋስ ሲመጣ በየድምፃቸው ያፏጫሉ። የመጀመሪያዋ፣ አረንጓዴዋ፣ ሟች ባለቤታቸው ለሶላት ውዱእ ያደርጉባት የነበረች ናት። ሌላውን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለቀሙት።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ወጣቶች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ሜትርና ካሜራ ይዘው መጡ። አጥሩን ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ደብተር ላይ ጻፉ፣ «ሐሙስ እንመለሳለን» ብለው ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው ታክሲ ሄዱ። በቃ! አዲስ አበባ ውስጥ አጥሩ የተለካበት ሰው ምን እንደሚያስብ ለእናንተ አልነግርም። ግቢያችን ኩታ ገጠም ነው፤ እሳቸው ለልማት ሲነሱ እኔ የት ልቀር? ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። «እነማን ናችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው አንድም ሰው አልነበረም። ጥያቄ ነገር ያመጣል ብለን እንፈራለንና።

«ጋሽ ነስሩ፣ ዓይን ውስጥ ያስገባን የእርስዎ ማንቆርቆሪያ ነው» አልኳቸው። «ይውረድ። አጥሩ እንደ ማንም አጥር ከሆነ ማንም አያየንም።»

«ማንቆርቆሪያ ሰው ሲያስነሳ አይተህ ታውቃለህ?»

«ስለ ልጆቻችን ብለው።»

ልጅ ከተጠራባቸው እምቢ ማለት አይችሉም፤ እኔም ያንን አውቄ ነው የተናገርኩት። ረቡዕ ከሰዓት መሰላል አቁመን ሽቦውን በፒንሳ እየቆረጥን አወረድነው። አረንጓዴዋን ራሳቸው ፈትተው ቤት አስገቧት። የቀረውን ቆራሌው ጭኖ ሄደ። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ እፎይ አልኩ።

ሐሙስ ልጆቹ ቃላቸውን አክብረው መጡ። ለካ የሥዕል ተማሪዎች ናቸው። አጥሩ ማንም ሳይነካው ተጠብቆ እንዲኖር ማመልከቻ ጽፈዋል፤ የመጡት የእኛን የጎረቤቶቹን ፊርማ ሊሰበስቡ ነው። ልጅቷ ባዶውን ቆርቆሮ ስታይ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ ቀረች።

«ማነው ያፈረሰው?»

ጋሽ ነስሩ በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«እነዚህ ናቸው፣ ልጄ» አሉ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ በእጃቸው እያመለከቱን። «እስከዚህ መጥተሽ ባዶ እጅሽን አትመለሺ። እነሱን አንሺያቸው።»

እሷም የምሯን ካሜራዋን አወጣች። እኛም አንድ ሰው እንኳ እምቢ ሳይል ባዶው አጥር ሥር ተደርድረን ቆምን። እኔማ ኮሌታዬን ሁሉ አስተካክያለሁ።