ማንም የማያውቀው ወናፍ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ማርች 11 ቀን 2025፣ ምሽት
ቦታ፦ ፔታህ ቲክቫ፣ ኤን ጋኒም፣ የጡረተኞች ሞዓዶን (መሰብሰቢያ ክበብ)
የተገኙ፦ አቶ ዋኘው (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ጥሩአየሁ (አባል)፣ ኤሊሻይ (አባል፣ የአየር ማቀዝቀዣ መሐንዲስ)፣ ሳሪት (አባል፣ የዶክትሬት ተማሪ፣ የሰብሳቢው የልጅ ልጅ)፣ ቢራራ (ጸሐፊ)

ኤሊሻይ ደጅ ቆሞ ስልክ ያወራ ስለነበር፣ በመስኮት መታየቱ ይበቃል ተብሎ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የአውራጃው የሳይንስ ታሪክ ጉባኤ

ሰብሳቢው መርቀው ከፈቱ። ምርቃቱ ሲያልቅ ኤሊሻይ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ከተሞች በየዓመቱ ተራ ገብተው የሚያዘጋጁት ጉባኤ ዘንድሮ ለፔታህ ቲክቫ መድረሱ ተገለጸ። በልማዱ የመክፈቻውን ጥናት የሚያቀርበው አስተናጋጁ ከተማ ነው። የጎረቤቷ ከተማ የጊቫት ሽሙኤል ሰዎች «ጥናት ከሌላችሁ እኛ እንክፈትላችሁ» ማለታቸው ሲነገር ቤቱ ተቆጣ። ከረጅም ውይይት በኋላ የጊቫት ሽሙኤል ሰው ወደ መድረኩ እንዳይጠጋ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የሳሪት ጥናት

የቀረበው ጥናት አንድ ብቻ ሲሆን፣ ስለ ጎንደር ቤተ እስራኤል ብረት ሠሪዎች ጥበብ ነው። ሰብሳቢው በዚያ አገር ብረት ሠሪና ሸክላ ሠሪ ሁሉ ቡዳ ይባል እንደነበር አስታውሰው፣ ጥለነው የመጣነውን ስም በማይክሮፎን ልትመልሽብን ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። ሳሪት በዕብራይስጥ መለሰች። በአማርኛ እንድትናገር ታዘዘች። ሳባዋ፣ ማለትም አያቷ ሰብሳቢው፣ ለአገሩ ሁሉ ማረሻ የሠሩ ሰው ሆነው ሳለ፣ እዚህ የፋብሪካ ወለል ጠራጊ ብቻ ተብለው እንዲቀሩ እንደማትፈልግ አስረዳች። ሰብሳቢው «በቤተሰባችን ብረት የነካ የለም» የሚለው ቃል እንዲመዘገብ አዘዙ። ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጥናቱ እንዳይቀርብ፣ በምትኩ ኤሊሻይ ስለ አየር ማቀዝቀዣ ታሪክ እንዲናገር ተወሰነ። ኤሊሻይ «በሰደር» (እሺ) ካለ በኋላ፣ ታሪኩን እንደማያውቅ አሳሰበ። ማሳሰቢያው ዘግይቷል ተባለ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሳሪት ወረቀቷን ስትሰበስብ «ከበግ ቆዳ» ተብሎ የተጻፈበት አንድ የወናፍ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው አዩትና፣ ብረት የነካ ዘመድ ባይኖራቸውም፣ ወናፍ ከፍየል እንጂ ከበግ ቆዳ እንደማይሠራ ገለጹ። ወ/ሮ ጥሩአየሁም፣ እናታቸው ሸክላ ነክተው ባያውቁም፣ የወናፉ የሸክላ አፍ እንዲህ ከጠበበ እሳቱ እንደሚታፈን አከሉ። ሰብሳቢው አይታፈንም አሉ። ክርክሩ ጋለ። ሰብሳቢው ከሶፋው ሁለት ትራስ አውርደው፣ መሬት ተቀምጠው፣ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ በመጫን አነፋፉን አሳዩ። ኤሊሻይ ተራ ሲሰጠው ሁለቱንም ባንዴ በመጫኑ «እሳቱን ገደልከው!» ተብሎ በሰብሳቢው ተገሥጿል። ጸሐፊው እሳት አላየም።

ሳሪት ማን እንዳስተማራቸው ጠየቀቻቸው። ሰብሳቢው «አባቴ» አሉ።

ሰብሳቢው ይህ እንዳይጻፍ አዘዙ። ወ/ሮ ጥሩአየሁ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» በማለት ተቃወሙ። ጸሐፊውም ቀድሞ ጽፎት ነበር፤ ለመሰረዝም እጁ እምቢ ብሎታል።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ በሰብሳቢው ትእዛዝ የተመዘገበው ቃል ጭምር፣ ተሽሯል። ጥናቱን ሳሪት ታቀርባለች፤ ወናፉን አያቷ ይነፋሉ፤ ጊቫት ሽሙኤሎች ከሰል ይዘው ይምጡ።

ስብሰባው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋ። የሰብሳቢው ጉልበት ለመነሣት እምቢ ስላለ፣ የመዝጊያው ምርቃት መሬት እንደተቀመጡ፣ እጃቸውን በሳሪት ራስ ላይ ጭነው ተሰጥቷል።