ለሩጫ የተገዛች ዎክማን

ለመሮጥ እግር ይበቃል የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ከፊቴ ስለሚሆኑ ደርሼባቸው ልከራከራቸው አልቻልኩም። እኔ ግን ያለ ሙዚቃ ከመቱ ገበያ እስከ ሆስፒታሉ እንኳ መሮጥ አይሆንልኝም። ምን ላድርግ? አፈጣጠሬ ነው!

ጊዜው ደርግ ነው። መቱ ከተመደብኩ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አዲስ አበባ ያለችውን እናቴን አንድ ቀን አላየኋትም። ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ አብዮቱ ፈቃድ ወጥቶ ያውቃል ወይ ብሎ መልሶ ይጠይቀኛል። ታዲያ የመሥሪያ ቤቶች ሩጫ ሲመጣ፣ አንደኛ የወጣ አዲስ አበባ ሄዶ ይወዳደራል ተባለ። የይለፍ ወረቀቱም፣ መኪናውም በመንግሥት! እናቴ ናፍቃኛለች፤ ስለዚህ ማሸነፍ ነበረብኝ።

ለሩጫ የሚሆን ማጫወቻ ፍለጋ ጋሼ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ትልቁን ቴፕ አወረዱልኝና ማንገቻ አለው፣ የባትሪ ድንጋዩም እዚሁ ሞልቷል፣ ውሻ ቢመጣብህም ትመክትበታለህ አሉኝ። እኔን የማረከችኝ ግን በጆሮ ማዳመጫ የምትሰማ፣ መዳፍ የምታህል ዎክማን ነበረች። የእሷ ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ መቱ አይገኝም፣ ኋላ እንዳትወቅሰኝ ብለው ሦስቴ አስጠነቀቁኝ። ሥልጣኔ የሚፈሩ ነጋዴ ብዬ አዘንኩላቸውና ዎክማኗን ገዛሁ።

በሁለት ሳምንት ልምምድ ድንጋዮቹ ደከሙ። ሌላ አገር ሰው ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነፍስ ይዘራበታል። የመቱን ፀሐይ ታውቋታላችሁ? እንደ ባለሥልጣን ብቅ ብላ ሰላምታ ሰጥታ ትመለሳለች። ቢቸግረኝ በጥርሴ ነከስኳቸው፤ ትንሽ ነቃ አሉ።

ሩጫው ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ ተጀመረ። እስከ ግማሹ ድረስ መራሁ! ዘፋኟ ፈጣን፣ እኔም ፈጣን። ከዚያ ድንጋዩ ደከመና ካሴቱ እየተጎተተ ሴትዮዋ ወንድ ሆነች፤ ትንሽ ቆይታ ሽማግሌ። ምቷን መከተል የለመደው እግሬም አብሯት አረጀ። ማዳመጫውን አውልቀው አትሉኝም? በመቱ ዎክማን አድርጎ የሚሮጥ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ እንዴት ይወለቃል? እስከ ዳሪሙ ወረዳ በእግራቸው የሚመላለሱት የቢሯችን ፖስታ አመላላሽ፣ የአምስት ልጆች አባት ኦቦ ቶላ ጃባዱ፣ በርታ ብለውኝ አለፉ። አንደኛም ወጡ።

እናቴን እሳቸው አዩልኝ። ደብዳቤ አስይዤ ስሸኛቸው ቅናት እንዴት እንዳንገበገበኝ አልነግራችሁም። ሲመለሱ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ሰጡኝ። እናቴ ልጄ ለምን ተሸነፈ ብላ ብትጠይቃቸው ድንጋይ ደክሞበት ነው ብለዋታል፤ እሷም ሌላ ሳትጠይቅ ከሬዲዮዋ አውጥታ ልካልኛለች።

ቋጠሮውን ፈታሁት። አራት ድንጋዮች ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የሁለት ጥርስ ንክሻ አለ። የእናቴ ናቸው፤ ከፊት የቀሯት ሁለት ጥርሶች ብቻ ናቸው። የእሷም ድንጋይ ደክሞ ኖሯል! እንባዬ መጣ። ትልልቆች ስለሆኑ ዎክማኗ ውስጥ አልገቡም። የጋሼ ሸምሱ ቴፕ ላይ ግን ልክክ ይላሉ፤ ሄጄ ሞክሬያለሁ።