ሚስተር ሰግደንና የማሞቂያው ማጥፊያ

በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር ከተሞች በእያንዳንዱ መንገድ ላይ የበራ ነገር ሁሉ እጁን የሚያሳክከው አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። መብራት ይሁን፣ ራዲዮ ይሁን፣ ካላጠፋ እንቅልፍ አይወስደውም። ለእኛ መንገድ የደረሱት ክቡር ሚስተር ሰግደን ናቸው። የእኔንና የእሳቸውን ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ ሲያጠፉ «ቀጭ» የሚለው ሁሉ ይሰማኛል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገላቸው፣ ቤት የሚያሞቅ የጋዝ ቦይለር ነበራቸው። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ማታም እንደዚያው ይበራል። ከዚያ ውጭ በረደኝ ላለ ሰው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሹራብ ደርብ!»

ባለፈው ኅዳር ቦይለሩ ሞተ። ሻዝያ የምትባል ባለሙያ መጥታ፣ ከውጭ አየር ሙቀት እየሳበ ቤት የሚያሞቅ ማሽን ጓሯቸው ተከለችላቸው።

«ሚስተር ሰግደን፣ ይሄ እንደ ድሮው አይደለም። ቀስ እያለ ነው የሚያሞቀው። ቀን ከሌት ይሥራ፤ እባክዎ አይንኩት» አለቻቸው።

«ቀን ከሌት? እዚህ ቤት ቀን ከሌት የሚሠራ ፍጡር የለም!»

«እኔስ?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢኒድ ከጓዳ።

ክቡርነታቸው ማሽኑንም በድሮው ሕግ ሥር አስገቡት። ለአንድ ሰዓት ያበሩታል፤ ገና ለብ ሲል ግድግዳው ላይ ያለውን የማሞቂያ ብረት ይዳስሱና «ፍሪጅ ሸጠውልን ሄዱ!» ብለው ያጠፉታል። ፖስታ አመላላሹን ሳይቀር ጓሮ ወስደው «ስማው እስቲ፣ ያጉረመርማል እንጂ አይሠራም» አሉት። እኔም አጥር ላይ ቆሜ፣ ማንን እንደሚመስል ልነግራቸው ፈለግሁና ፈራሁ።

ሻዝያን ሦስት ጊዜ አስጠሯት። ሦስቱንም ጊዜ ማሽኑን ጠፍቶ አገኘችው።

«የታመመው ማሽኑ አይደለም፤ የእርስዎ እጅ ነው» አለቻቸው።

በእውነት የታመመው ግን የወይዘሮ ኢኒድ እጅ ነበር። ብርድ ሲነካው ጣታቸው ሁሉ ያብጣል። በጥር አንድ ጠዋት ኩባያ መያዝ አቃታቸው። ኩባያው ሲሰበርም ሰማሁ፣ የተናገሩትንም።

«ሬጂ» አሉ ባላቸውን፤ «ሻንጣዬን አውርድልኝ። ስካርቦሮ ከተማ እህቴ ጋ ልሄድ ነው። ወይ እኔን ወይ ማጥፊያውን ምረጥ!»

ከግድግዳው ማዶ የቁም ሳጥን በር ተዘግቶ ሲቆለፍ ሰማሁ።

ትንሽ ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። ሚስተር ሰግደን በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ ቁልፍ አለ።

«የማሽኑ መቆጣጠሪያ ያለበትን ቁም ሳጥን ቆልፌዋለሁ» አሉኝ መሬት መሬት እያዩ። «ቁልፉ ቤቴ ካደረ እነካዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።»

ወይዘሮ ኢኒድ አልሄዱም። ቤታቸው ሞቀ፣ የጣታቸውም እብጠት ጎደለ። ሚስተር ሰግደን ግን በቀን ሁለቴ ይመጡብኛል።

«ለአምስት ደቂቃ! ትንሽ ይረፍ ብዬ እኮ ነው!»

«አይሆንም።»

«ጨካኝ ነሽ!» ይሉኝና ፊታቸው ፈካ ብሎ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ሳይመጡ ከቀሩ፣ ምን ሆነው ይሆን ብዬ ሄጄ በራቸውን የማንኳኳው እኔ ነኝ።