በትልቁ ዛፍ ሥር ስለተደረገው ዘመቻ

ሥዩመ ቦርድ፣ ርእሰ ግቢ ወአጸድ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ በተሾሙ በሦስተኛው ዓመት፣ ሣር ለአራተኛ ጊዜ በሞተበት ወር፣ በዕለተ ሰኑይ፣ ከሻይ ሰዓት በኋላ፣ በግቢው ትልቅ ዛፍ ሥር ባለው ባዶ መሬት ላይ ተቆጡ። ሣሩ ፀሐይ አጥቶ መሞቱን የበር ጥበቃው ሳይቀር ቢያውቅም፣ እሳቸው ግን ሣሩን ስለ ስንፍናው ገሥጸውት ነበር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት በሹመት ደብዳቤያቸው ላይ አልተጻፈምና አይፈረድባቸውም።

ወእምዝ አዋጅ አስነገሩ፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቦርዱ በወሩ መጨረሻ ይጎበኘናል። ያ መሬት እስከዚያ ካልለመለመ አትክልተኛዋ ትሰናበታለች!»

ሠራተኛው ሁሉ እታለም የሚላት አትክልተኛም ክርክር ውስጥ አልገባችም፤ ከእናቷ ጓሮ፣ ከእርጥቡ ጥግ፣ ፈርን የሚባለውን ጥላ ወዳድ ቅጠል በካሪዮላ አጓጓዘች፤ ረጃጅሙን ከግንዱ አጠገብ፣ አጫጭሩን ወደ መንገዱ ዳር አድርጋ ተከለች፤ ሥሩን በደረቀ ቅጠል አለበሰች፤ ምሳዋን እየተወች አጠጣች። በሃያ ቀን ዛፉ ሥር ለመለመ፤ እኔ ታሪክ ጸሐፊው በዚያ ግቢ እንዲህ ዓይን የሚያሳርፍ ነገር አይቼ አላውቅም።

ድሉም እንደ ወጉ የኃላፊው ሆነ። በጉብኝቱ ዋዜማ ጃንጥላ ያዧን የቢሮ ጸሐፊ፣ ሜትር ያዡን የግዢ ሠራተኛ፣ ካሜራ ያዡን ፎቶ አንሺ፣ ምንም ያልያዙትን ሁለት ምክትሎች አስከትለው ወረዱ፤ ከፈርኑ መካከል ቆመው ፎቶ ተነሡ፤ ፎቶው ግን ጠቁሮ ወጣ። ያን ጊዜ ሁለተኛው አዋጅ ወጣ፤ «ሥራዬን የጋረደ ዛፍ ይቆረጥ!»

አትክልተኛዋ ግንዱን አቅፋ፣ «ጌታዬ፣ በእናትዎ! ፈርኑ የሚኖረው በጥላው ነው!» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷም በቃለ ጉባኤ «ውዳሴ» ተብሎ ተመዘገበ። መጋዙ ከረፋድ እስከ ማታ ሠራ።

በማግሥቱ ቦርዱ በጠራራ ፀሐይ ሲደርስ ፈርኖቹ ሁሉ፣ ታላቁም ታናሹም፣ ከዳር እስከ ዳር ራሳቸውን ወደ መሬት ደፍተው ተገኙ። ኃላፊውም፣ «ለክቡር ቦርዳችን እየሰገዱ ነው!» ብለው አወጁ፤ ቦርዱም አጨበጨበ። አትክልተኛዋ በጉብኝት ሰዓት አልቅሳለችና በዚያው ቀን ተሰናበተች።

ኦ መዋዔ ጽላሎት፣ ጥላን ድል የነሡ ጌታ ሆይ! ዕፅ እንኳ ወድቆ የሰገደልዎ፣ ከቀደሙት ኃላፊዎች እንደርስዎ ያለ ማን ነበር? ከእንግዲህስ በዚያ ግቢ የሚያሸንፉት ጥላ ከየት ይመጣል!