ያልተከፈተው ጡጫ

ትርሲት የደም ባንክ ባለሙያ ናት። ትናንት ከምሳ በኋላ በምትሠራበት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ሸለብ አደረጋትና ሕልም አየች።

በሕልሟ የደም ማቀዝቀዣው ውስጥ የተደረደሩት ሰዎች ነበሩ። የደም ከረጢቶቹ ደግሞ ነጭ ጋዋን ለብሰው በመስታወቱ በኩል ያዩዋቸዋል። እሷ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ተጋድማለች። ደረቷ ላይ «ሠላሳ አራተኛ ቀን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አጠገቧ የተኛው ሽማግሌ ወረቀት ሠላሳ ስድስት ይላል።

አንድ ወፍራም ከረጢት በሩን ከፍቶ የሽማግሌውን ጉንጭ በጣቱ ጫን አደረገው። ጉንጩ አልሰረጎደም።

«ይኼ ሠላሳ አምስቱን ቀን አልፎ ደርቋል። ጣሉት።»

«ኧረ ገና ነኝ፣ ጌታዬ! ኧረ ገና ነኝ!» እያለ ሽማግሌው ተጎትቶ ሄደ።

ከረጢቱ ወደ ትርሲት ዞረ። «አንቺስ? ትታጠፊያለሽ?»

«እታጠፋለሁ፣ ጌታዬ» አለች ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። ውሸቷን ነበር። ክንዷ ላይ ትንንሽ እሾህ በቅሏል፤ ከጎኗም ጨው ጨው የሚል ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«እንግዲያው ይህን አድርሺ» ብሎ እፍኝ አየር አስጨበጣትና ጠባብ ቱቦ ውስጥ ገፈተራት።

ድሮ፣ ገና ትኩስ ደም ሳለች ቢሆን፣ ተጣጥፋ ሹልክ ትል ነበር። አሁን ትከሻዋ ግድግዳውን እየቧጨረ፣ እሾኋ እየያዛት፣ በመከራ ተጎትታ ወጣች። ከቱቦው ማዶ እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ታጣጥራለች።

«ልጄ፣ አየሩን ስጪኝ!»

«እንቺ፣ እማዬ!»

ጡጫዋን ልትከፍት ታገለች። ጣቶቿ በብርዱ ተጣብቀው አልላቀቅ አሉ። አየሩ እጇ ውስጥ ነው፤ እናቷም ፊት ለፊቷ ናት፤ ከንፈሯ እየጠቆረ ነው። ትርሲት ጣቷን በጥርሷ ነከሰችው። አልተከፈተም።

«ትርሲት! ኧረ ትርሲት!»

ብንን አለች። አዋላጇ ሲስተር ውድነሽ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጓንቷ በደም ርሷል።

«አሁን የወለደችው ሴት ደሟ አልቆም አለ። ኦ ኔጌቲቭ ናት። ሁለት ከረጢት፣ ቶሎ በይ!»

ትርሲት ማቀዝቀዣውን ከፍታ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ዳበሰች።

«የቆየም ቢሆን ስጪኝ» አለች ሲስተር ውድነሽ። «ቀኑ ዛሬ የሚያበቃም ቢሆን!»

«የቆየም የለም» አለች ትርሲት።